በልጅ ዓይን የተነገረ የአሜሪካ ደቡብ ልብ ወለድ እንዴት ይነበባል?

በልጅ አንደበት የሚነገር ልብ ወለድ አንባቢን ያዘናጋል። ቃሉ ቀላል፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ስለሚሆን ገጾቹ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣሉ። መጽሐፉ ሲያልቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ ግን መልሱ ይጠፋብናል። ታሪኩ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖር የተቸገረ ቤተሰብ ታሪክ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይከብዳል። ልጁ የሚኖርበትን ቤት ያናጋው ነገር የጀመረው እሱ ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ልጁ ግን ያንን ዘመን ተቀምጦ አያስረዳንም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ልጅ ተራኪ ምንም የማያውቅ የዋህ ምስክር አይደለም። የሰውን ፊት ያነብባል፤ በቤቱ ውስጥ ማን እንደተራበ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደዋሸ ከትልልቆቹ ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው ሳይወለድ የሆነውን ነው። ስለዚህ አንባቢው ሁለት ሥራ አለበት፤ ልጁ የሚያውቀውን ማመን፣ ልጁ የማያውቀውን ደግሞ ራሱ ይዞ መምጣት። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች የተዘጋጁ ናቸው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት የጄስሚን ዋርድን «ሲንግ፣ አንበሪድ፣ ሲንግ» ነው። በ2017 ታተመ፤ በዚያው ዓመት በልብ ወለድ ዘርፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ዋርድ ቀደም ሲል በ2011 ይህንኑ ሽልማት ስለተቀበለች በዘርፉ ሁለት ጊዜ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ያደገችው በሚሲሲፒ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ባለች ደሊል በምትባል ትንሽ መንደር ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ቧ ሶቫዥ የተባለች ልብ ወለዳዊ መንደርም መልኳን የወሰደችው ከዚያው አካባቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጽሐፉን መጨረሻ አልነግራችሁም፤ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚገለጠውንና በጉዞው መካከል የሚሆነውን ግን ለማስረዳት እጠቀምበታለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፉ፣ አንድ ደብተር፣ እርሳስና የሚሲሲፒ ግዛት ካርታ ብቻ ነው። መጽሐፉ 15 ምዕራፎች አሉት። በአንድ ቀን ከአንድ ምዕራፍ በላይ አታንብቡ።

እርምጃ 1፦ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ምድሩን እወቁ

ካርታውን ዘርጉና ሁለት ቦታዎችን ምልክት አድርጉ። አንዱ በግዛቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው አካባቢ ነው፤ ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለተኛው በሰሜን ምዕራብ ያለው ሚሲሲፒ ዴልታ ነው። ዴልታ ሲባል ወንዙ ወደ ባሕር የሚገባበት ስፍራ እንዳይመስላችሁ። በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ አፈሩ የሰባ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ጥጥ ያበለጸገውም በባርነትና ከባርነት በኋላ በመጣው የጉልበት ብዝበዛ ያደኸየውም እሱ ነው። ልብ ወለዱ ከአንደኛው ምልክት ወደ ሁለተኛው በመኪና የሚደረግ የደርሶ መልስ ጉዞ ነው።

የጉዞው መድረሻ ፓርችማን ነው። ይህ ስም የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም። ፓርችማን የሚሲሲፒ ግዛት ማረሚያ ቤት ሲሆን በ1901 በዴልታው በሰንፍላወር ካውንቲ ተቋቋመ። ሲጀመር ማረሚያ ቤት ከመባል ይልቅ እርሻ መባል የሚገባው ነበር። እስረኞቹ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ከንጋት እስከ ምሽት ጥጥ ያርሱና ይለቅሙ ነበር። የሚጠብቋቸው ደግሞ በብዛት ጠመንጃ የተሰጣቸው ሌሎች እስረኞች ነበሩ። ይህ አሠራር እንዲቀር ያደረገው በ1972 የተሰጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

ይህ እንዴት ሕጋዊ ሊሆን ቻለ ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። በ1865 ባርነትን ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በወንጀል የተፈረደበት ሰው በግዳጅ እንዲሠራ ይፈቅዳል። የደቡብ ግዛቶች በዚያ ቀዳዳ ገቡበት። ሥራ የሌለውን ሰው «ሥራ ፈት» ብሎ ማሰር፣ ለጥቃቅን ስርቆት ረጅም ዓመት መፍረድ፣ ከዚያም እስረኛውን ወደ ማሳ መላክ የተለመደ ሆነ። ይህችን አንቀጽ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ በራሳችሁ አባባል ጻፏት። ያለ እሷ የመጽሐፉ ግማሽ አይገባም።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን በአጭሩ ያዙ። በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግ ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎች በመላ አሜሪካ የወደቁት በ1967 ነው፤ ይህ የዛሬ አያቶች በወጣትነታቸው ያዩት ነገር ነው። በኤፕሪል 2010 ደግሞ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የባሕር ላይ የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ በከለ። ሁለቱም ወደዚህ ቤተሰብ ቤት ይገባሉ።

እርምጃ 2፦ የቤተሰቡን ዝርዝር ከነአጠራሩ ሥሩ

የዘር ሐረግ መሳል ብዙ አንባቢ የሚያደርገው ነው። እኔ የምጨምረው እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ምን ብሎ እንደሚጠራው መጻፍ ነው።

ጆጆ 13 ዓመቱ ነው። ታናሽ እኅቱ ኬይላ ገና ሕፃን ናት። አያቶቻቸው ሪቨርና ፊሎሜን ይባላሉ፤ ጆጆ ግን የሚጠራቸው ፖፕ እና ማም ብሎ፣ ማለትም አባባና እማማ እንደማለት ነው። የወለደችውን እናቱን የሚጠራት በስሟ ነው፤ ሊዮኒ። ነጭ የሆነውን አባቱንም እንዲሁ ማይክል ይለዋል። ማይክል በዚያ የነዳጅ መቆፈሪያ ላይ ሲሠራ ከአደጋው ተርፎ፣ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ፓርችማን ገብቷል። የማይክል አባት ቢግ ጆሴፍ ደግሞ ልጁ ከጥቁር ሴት የወለዳቸውን ልጆች የልጅ ልጆቼ ናቸው ብሎ አይቀበልም።

በአያት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን አጠራር ለመረዳት ማስታወሻ አያሻውም። አያቱን «እማዬ»፣ የወለደችውን እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ በየሰፈራችን አለ፤ እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችበት፣ ወይም ገና ተማሪ ሳለች የወለደችው ልጅ። ያ ልጅ ማን እንዳሳደገው በአጠራሩ ብቻ ይናገራል። ጆጆም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቅሬታውን አይዘረዝርም፣ ይጠራል ብቻ። ስለዚህ አጠራሩ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ከተለወጠ እርሳሳችሁን አንሡ።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በግማሽ ፍጥነት አንብቡ

መጽሐፉ የሚከፈተው በፍየል እርድ ነው። የጆጆ 13ኛ የልደት ቀን ነው፤ አያቱ ፍየሉን ሲያርድ ልጁ ያግዛል። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ አንድ አደጋ አለበት። ብዙዎቻችን እርድ አይተናል፤ ቆዳ ሲገፈፍ፣ ሆድ ዕቃ ሲወጣ አዲስ ነገር አይሆንብንም። ሌላው አንባቢ በድንጋጤ የሚቆምበትን ቦታ እኛ «እሺ፣ እርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። አትለፉት።

ልጁ እጁን ሳይሆን ፊቱን እንዴት እንደሚቆጣጠር ተመልከቱ። አያቱ «ሰው ሆኗል» ብሎ እንዲያስብለት ይፈልጋል። ደሙንና ቢላዋውን ይችላል፤ ሽታው ግን ይከብደዋል። ፖፕ ደግሞ ይህን አይቶ አያፌዝበትም። በዚያች አጭር ትዕይንት ውስጥ የዚህ ቤት ፍቅር ምን ዓይነት እንደሆነ ተነግሮናል፤ በቃል የማይገለጥ፣ በሥራ የሚሰጥ ፍቅር ነው። በዚያው ምዕራፍ ፖፕ ስለ ፓርችማን ያለውን ታሪክ መናገር ይጀምራል፤ ማይክልም ከእስር እንደሚወጣ በስልክ ይሰማል።

ምዕራፉን ስትጨርሱ በደብተራችሁ ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ። ልጁ ማንን መምሰል ይፈልጋል? ማንን መምሰል ይፈራል? በቤቱ ውስጥ ድምፁ ያልተሰማ ማን ነው? መልሶቹን አትሰርዙ፤ በመጨረሻው እርምጃ ትመለሱባቸዋላችሁ።

እርምጃ 4፦ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ሦስት ዓምዶች አስምሩ፤ «ልጁ ያየው»፣ «ልጁ ያወቀው ግን ያልተናገረው»፣ «እኔ ከውጭ ይዤ የመጣሁት»። አብዛኛው የንባብ መመሪያ አንደኛውንና ሦስተኛውን ብቻ ይሰጣል፤ ልጁ አየ፣ እኛ ተረዳን ይላል። በእኔ እምነት ይህ ልጁን ይበድላል። መካከለኛው ዓምድ ሲሞላ ነው ጆጆ ሰው የሚሆነው።

በጉዞው መካከል ካለ ክፍል አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሊዮኒ ሁለቱን ልጆች መኪና ውስጥ ጭና፣ ከጓደኛዋ ከሚስቲ ጋር ማይክልን ለመቀበል ወደ ሰሜን ትነዳለች። ኬይላ መንገድ ላይ ትታመማለች፤ ደጋግማ ያስመልሳታል። ሊዮኒ ከመንገድ ዳር ቅጠል ለቅማ አፍልታ ታጠጣታለች። ጆጆ ማንም ሳያይ ኬይላ የጠጣችውን እንድታስመልስ ያደርጋል።

በመጀመሪያው ዓምድ የምትጽፉት ይህንኑ ነው፤ ቅጠል፣ ማፍላት፣ ማጠጣት፣ ማስመለስ። በሁለተኛው ዓምድ ልጁ እናቱን እንደማያምናት ትጽፋላችሁ። ይህ አለማመን ከባዶ አልመጣም። ቀደም ሲል ሊዮኒ ዓሣ ገዝታለት ምግቡን ሳታመጣለት ዓሣው ሞቶበታል፤ ጆጆ ያንን አልረሳም። እሷ የነካችው ነገር በሕይወት እንደማይቆይ ልቡ ደምድሟል። ሦስተኛው ዓምድ የእናንተ ነው። ማም የሰፈሩ መድኃኒት አዋቂ ናት፤ ሥር፣ ቅጠልና ጸሎት ታውቃለች። ሊዮኒ ከእናቷ ጋር ጫካ ለጫካ ሄዳ የተማረችው በግማሽ ልብ ነበር፤ አሁን እናቷ በካንሰር አልጋ ላይ ስትሆን የጎደለውን የምትጠይቀው ሰው የላትም። ስለዚህ ያ ስኒ ቅጠል የቸልተኛ እናት ስህተት ብቻ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ እውቀት መንገድ ላይ ሲቋረጥ እያየን ነው። ጆጆ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው እኅቱ እንደታመመች ነው፤ ያደረገውም በሚያውቀው መጠን ትክክል ነው።

ለእያንዳንዱ የጆጆ ምዕራፍ ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያሉ መስመሮች ይበቃሉ። ገጹን በሙሉ አትገልብጡ።

እርምጃ 5፦ እናትየዋ ስትናገር ከዳኝነት ወንበር ውረዱ

በየምዕራፉ አናት ላይ የሚናገረው ሰው ስም ተጽፏል። ከጆጆ ቀጥሎ የምትመጣው ሊዮኒ ናት። ብዙ አንባቢ ወደዚህ ምዕራፍ የሚገባው ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ልጁን ወድዶታል፣ በእናቱ ተቆጥቷል።

የጆጆ ክስ እውነት ነው፤ ላስተባብለው አልሞክርም። ሊዮኒ ዕፅ ትወስዳለች፣ ልጆቿን ትመታለች፣ ማይክልን ከልጆቿ ታስበልጣለች። እሷም ይህን ታውቃለች። ምዕራፏ ግን አንድ ነገር ይጨምርልናል። ጊቭን የሚባል ወንድም ነበራት። ገና ወጣት ሳለ የማይክል የአጎት ልጅ በአደን ላይ በጥይት ገደለው፤ ምክንያቱ በውርርድ መሸነፍ ነበር። ነገሩ «የአደን አደጋ» ተብሎ በቀላል ቅጣት ታለፈ። ሊዮኒ ዕፅ በወሰደች ቁጥር የሞተው ወንድሟ ዝም ብሎ አጠገቧ ይቆማል። ጆጆን ያረገዘችው በ17 ዓመቷ ነው፤ የወደደችውም ወንድሟን የገደለውን ሰው ዘመድ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመች ሴት በልጇ ምዕራፍ ውስጥ የምትታየን በመኪና መሪ ላይ ያለ እጅና የተቆጣ ድምፅ ሆና ነው።

እዚህ ላይ የምታደርጉት እንዲህ ነው። እያንዳንዱን የሊዮኒ ምዕራፍ ስትጨርሱ «ሊዮኒ ዛሬ የፈለገችው…» ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ክፉ»፣ «ሰነፍ»፣ «ራስ ወዳድ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ከዚያ ወደ ቀደመው የጆጆ ምዕራፍ ተመልሳችሁ በዚህ ዓረፍተ ነገር መልኩ የሚለወጥ አንድ ድርጊት ፈልጉ። ለምሳሌ ኬይላ በታመመች ጊዜ የምትንጠለጠለው በወንድሟ አንገት ላይ ነው። በጆጆ ምዕራፍ ይህ ተራ ነገር ነው፣ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። በእናትየዋ ምዕራፍ ግን የወለደቻት ልጅ እጇን ወደ ሌላ ሰው ስትዘረጋ ማየት ነው።

ይህ ይቅርታ ማድረግ አይደለም። ልጅ የሚበደልበትን መጽሐፍ እያነበብን በዳዩን ማጽዳት ልጁን ሁለተኛ መበደል ነው። የምላችሁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያዙ ነው፤ የተራበው ልጅም የተሰበረችው እናትም በአንድ መኪና ውስጥ ናቸው።

እርምጃ 6፦ የአያትየውን ታሪክ ለብቻው ሰብስቡ

ፖፕ በ15 ዓመቱ ፓርችማን ገብቶ ነበር። የራሱ ወንጀል አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙ ከነጮች ጋር ተጣልቶ ሊይዙት ሲመጡ እሱም አብሮ ተወሰደ። እዚያ ሪቺ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አገኘ። ሪቺ የታሰረው ለተራቡ እኅት ወንድሞቹ ምግብ ሰርቆ ነው። ፖፕ ይህን ታሪክ ለጆጆ ደጋግሞ ይነግረዋል፤ ግን በየጊዜው አንድ ቦታ ሲደርስ ያቆማል።

የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ ለዚህ ብቻ ያዙ። ፖፕ ታሪኩን በጀመረ ቁጥር የገጹን ቁጥር ጻፉ፤ ከጎኑ የት ላይ እንዳቆመ አስፍሩ። ወደ ፊት ገልብጣችሁ መጨረሻውን አትፈልጉ። መጽሐፉን ስትጨርሱ እነዚያን ገጾች ብቻ በተርታ አንብቧቸው። የሰውዬው ዝምታ የት የት እንደተቀመጠ ያኔ ይታያችኋል። ዋርድ የሽማግሌን አነጋገር ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የከበደውን ነገር በመዞር፣ በመጀመርና በመተው፣ ሰሚው ሲጎለምስ ጥቂት በመጨመር ነው የሚነግሩን። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ በጥድፊያ ያነበበው ሰው ግን «አያትየው ያንኑ ታሪክ ይደጋግማል» ብሎ ያልፈዋል።

እርምጃ 7፦ ሙታኑን እንደ ሰው ተቀበሉ

ከመጽሐፉ ሦስት ተራኪዎች አንዱ ሙት ነው። ሪቺ ከፓርችማን ወደ ደቡብ በሚመለሰው መኪና ውስጥ ይገባል፤ ጆጆም ያየዋል። «ይህ ምሳሌ ነው፣ የታሪክን ሸክም ያመለክታል» ብላችሁ ወደ ፍቺ አትሩጡ። ለማም፣ ለፖፕና ለጆጆ ሙታን መኖራቸው የታወቀ ነገር ነው። ማም የካቶሊክ ቅዱሳንን ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከመጡ ሰዎች እምነት ጋር አዋሕዳ ትጸልያለች፤ ፖፕም ጆጆ ለጉዞ ሲነሣ መከላከያ የሚሆን ትንሽ ከረጢት አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። በባሕረ ሰላጤው ዳር፣ በተለይም ከሉዊዚያና ጋር በሚዋሰነው ክፍል፣ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ሪቺ ሲናገር የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይብቃ፤ ይህ ልጅ ምን ማወቅ ይፈልጋል?

እርምጃ 8፦ አንድን ድርጊት ማን እንደነገረን ጠይቁ

በመልስ ጉዞው ፖሊስ መኪናውን ያስቆማል። ጆጆ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ በካቴና ይታሰራል፤ መሣሪያም ይደገንበታል። በኪሱ ያለው የአያቱ ከረጢት ነው።

ይህን ትዕይንት ከማንበባችሁ በፊት አንድ ታሪካዊ ነገር አስታውሱ። በ1955 በዚሁ ሚሲሲፒ ዴልታ ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች ተገደለ፤ ሁለቱን ተከሳሾች ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ጉባኤ በነጻ ለቀቃቸው። የ12 ዓመቱ ሪቺ፣ የ13 ዓመቱ ጆጆ፣ የ14 ዓመቱ ኤሜት። በዚያ ምድር ጥቁር ልጅ ልጅ ሆኖ የሚታይበት ዕድሜ እጅግ ቶሎ ያልቃል።

አሁን የተራኪውን ስም ተመልከቱ፤ ይህን ቅጽበት የሚነግረን ጆጆ አይደለም፣ ሊዮኒ ናት። እስከዚህ ድረስ ልጇን አጥርታ ያላየችው እናት እዚህ ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታያለች። ደራሲዋ ይህን ትዕይንት በልጁ አፍ ብታደርገው ፍርሃቱን እናገኝ ነበር፤ በእናትየዋ ዓይን ስታደርገው ልጅነቱን አገኘን። ትዕይንቱን ካነበባችሁ በኋላ ደብተሩን ዝጉና በጆጆ አንደበት በአማርኛ አንድ አንቀጽ ራሳችሁ ጻፉት። ምን እንደጎደለና ምን እንደተጨመረ ስታነጻጽሩ የተራኪ ምርጫ ምን እንደሚሠራ ከማንኛውም የሥነ ጽሑፍ መማሪያ በተሻለ ይገባችኋል።

እርምጃ 9፦ ለቋንቋው ጆሯችሁን ስጡ

ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የተማርነው አይደለም። ግስ ይወድቃል፣ አሉታው ይደረባል። ይህን እንደ ስህተት አታንብቡት፤ የራሱ ሕግ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው። አንዱ ሕግ እንዲህ ነው፤ «ሂ ዎርኪንግ» ሲባል አሁን እየሠራ ነው፣ «ሂ ቢ ዎርኪንግ» ሲባል ግን ዘወትር ይሠራል ማለት ነው። ንግግሮቹን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ በዓይን የሚያደናቅፈው ብዙው ነገር በጆሮ ይቃናል። ትረካው የተነገረው በአሁን ጊዜ ስለሆነ ጆጆ በኋላ የሚሆነውን ሳያውቅ እንደሚናገርም አትዘንጉ።

የጆጆ ውስጣዊ ትረካ ከአንደበቱ ይልቅ ቅኔ የተሞላ ነው፤ አንዳንድ አንባቢ «የ13 ዓመት ልጅ እንዲህ አያስብም» ይላል። እኔ አልስማማም። ልጅ የሚሰማውን የሚገልጽበት ቃል ስለሌለው ስሜቱ ድሃ ነው ማለት አይደለም፤ ደራሲዋ ያበደረችው ቃሉን ብቻ ነው።

እርምጃ 10፦ ከሌላ ሰው ጋር ተወያዩበት

መጽሐፉ የዕፅ ሱስ፣ ዘረኝነትና ከባድ ግፍ አለበት፤ ለአዋቂ የተጻፈ ነው። በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሂዩስተን ወይም በናሽቪል የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁ ከፍ ባለ ክፍል ይህን ወይም ተመሳሳይ መጽሐፍ ቢያነብ ለብቻው አትተዉት፤ እናንተም አንብቡት። ልጃችሁ የሚያድገው በዚያው ደቡብ ነው፤ መኪና የሚያስቆም ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ወይስ የሚሲሲፒ ልጅ ነህ ብሎ አስቀድሞ አይጠይቅም። «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይህ ጥያቄ ውይይትን ይዘጋል። «ጆጆ የተሳሳተበት ቦታ አለ?»፣ «ሊዮኒን የተረዳሃት የት ላይ ነው?»፣ «ፖፕ ያቆመው ለምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መልሱ እስኪመጣ ዝም በሉ።

በማኅበር የምታነቡ ከሆነ አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ የጆጆን፣ ሌላው የሊዮኒን፣ ሦስተኛው የሪቺን ምዕራፎች በኃላፊነት ይዞ ለእነሱ ይከራከር። በመሐል ቦታ እንዲለዋወጡ አድርጉ፤ የሊዮኒን ጉዳይ የያዘ ሰው የጆጆን ሲይዝ የሚቸገረው ነገር ለሁሉም ያስተምራል።

እርምጃ 11፦ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሱ፣ ከዚያ ሌላ መጽሐፍ ክፈቱ

መጽሐፉን በጨረሳችሁ በሳምንቱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ደግሙ። በእርምጃ 3 የጻፋችኋቸውን መልሶች አውጥታችሁ ዛሬ ከምትመልሱት ጋር አስተያዩ። በተለይ ፖፕ ፍየሉን ሲያርድ ያላችሁን ማስታወሻ፣ የአያትየውን ታሪክ ከሰበሰባችሁበት ገጽ ጎን አድርጋችሁ እዩት።

ለቀጣይ ንባብ ሦስት መጽሐፎችን በዚህ ቅደም ተከተል እመክራለሁ። በመጀመሪያ የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»፣ 1960። ቦታው አላባማ፣ ዘመኑ 1930ዎቹ ነው። የሚያየው የትንሿ ልጅ ዓይን፣ የሚናገረው ግን ያደገችው ሴት አንደበት ስለሆነ ከጆጆ የአሁን ጊዜ ትረካ ጋር ለማነጻጸር ምቹ ነው፤ ልጅቱ ያየችውንና ሴትዮዋ በኋላ የተረዳችውን በሁለት ቀለም አስምሩ። ቀጥሎ የጄምስ ኤጂ «ኤ ዴዝ ኢን ዘ ፋሚሊ»፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1957 የታተመ። በ1915 በቴነሲ ኖክስቪል ከተማ አባቱን በመኪና አደጋ ያጣ የትንሽ ልጅ ቤት ነው፤ ኤጂም ራሱ በልጅነቱ አባቱን ያጣው በመኪና አደጋ ነው። በመጨረሻ የዶረቲ አሊሰን «ባስታርድ አውት ኦቭ ካሮላይና»፣ 1992። በሳውዝ ካሮላይና ግሪንቪል የሚኖሩ ድሃ ነጮች ታሪክ ነው፤ እንጀራ አባት በልጅቱ ላይ የሚፈጽመው ግፍ እጅግ ከባድ ስለሆነ አቅማችሁን አይታችሁ ጀምሩት። ሦስቱም ጋ የሦስቱን ዓምድ ደብተር ያዙ፤ በአሊሰን መጽሐፍ ላይ ግን ለመካከለኛው ዓምድ ሰፊ ቦታ ተዉ።